ቀዩ አምፖልና የይመር ዓሦች

ባለፈው ሰኔ የወንድሜን የልጅ ልጅ ክርስትና ለማስነሳት ቡሬ ሄደን ነበር። ግብዣው የተደገሰው ከመናኸሪያው አጠገብ በተሠራ አዲስ ፎቅ ሆቴል ነው። በእኔ ጊዜ ያ ቦታ የበርበሬ ማስጫ ነበር፤ በዚያ ስናልፍ አፍንጫችንን በነጠላ ይዘን እያስነጠስን ነበር የምንሮጠው። አሁን ደረጃው የሚያንሸራትት ድንጋይ ሆኗል። እንግዳ መቀበያው ጥግ ላይ የአልጋ ርዝመት ያለው የመስታወት ገንዳ ቆሟል፤ ውስጡ ዓሣ ይዋኛል። ከላይ የተገጠመው መብራት ከሰማያዊ ወደ ሐምራዊ፣ ከሐምራዊ ወደ አረንጓዴ ይለዋወጣል። ዓሦቹ ወባ የያዘው ሰው ፊት መስለዋል። ባለቤቴ ይመር ምርኩዙን ተደግፎ፣ ግንባሩ መስታወቱን ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ተጠጋና ወደ አስተናጋጇ ዞረ።

"ልጄ፣ ይህን መብራት ማን መረጠላችሁ?"

"ከአዲስ አበባ አብሮ የመጣ ነው አባባ። ሪሞት አለው። ምን ዓይነት ከለር ላድርግልዎት?"

"ነጭ የለውም?"

ልጅቷ እየሳቀች ሪሞቱን ጫን ጫን አድርጋ ነጭ አደረገችለት። ወዲያው ዓሦቹ ነፍስ ዘሩ፤ አንዱ የበሰለ ብርቱካን፣ ሌላው የጠራ ብር መሰለ። "ውይ፣ ለካ ቆንጆዎች ናቸው!" አለች። ይመር "አየሽ?" ብሎ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ግን ዓሦቹን እያየሁ አልነበረም። ከኋላችን ማን እንደቆመ እየቃኘሁ ነበር። ዓሣና ባለ ቀለም መብራት አንድ ላይ ባየሁ ቁጥር ከኋላዬ የሚያዳምጥ ሰው ያለ ይመስለኛል። ይህ ልማድ ከፍኖተ ሰላም የተረፈኝ ነው።

በደርጉ ዘመን ፍኖተ ሰላም ላይ የእጅ ሥራ አስተማሪ ነበርሁ። የአገው ምድር ዘር ያለኝ የቡሬ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ እናቴ ስትናደድ በአዊኛ፣ ስትባርክ በአማርኛ ነበር የምትናገረው። የተከራየሁት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ ከሚባሉ መበለት ግቢ ነው። ያን ጊዜ ሴቶቹ የተርጋል ጉርድ ቀሚስ ከሹራብ ጋር እንለብሳለን፤ ወንዶቹ ከእግሩ የሰፋ ሱሪያቸውን ፋሽኑ አልፎበትም አልጣሉትም። ሻይ በስሙኒ ከፓስቲ ጋር ይጠጣል። ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ ወረፋ ተይዞ ነው። መብራት የሚመጣው በሞተር ነበር፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከከተማው ዳር ድው ድው የሚል ድምፅ ሲጀምር ልጆች በየግቢው "መጣ!" እያሉ ይጮኻሉ፤ ሬዲዮኖች በአንድ ጊዜ አፋቸውን ይከፍታሉ። ከመንገዱ ዳር ካለው ሻይ ቤት የክራር ዘፈን በተበላሸ ቴፕ እየተንዘላዘለ ይሰማል። እንዲህ ሳወራው ደስ የሚል ጊዜ ይመስላል። ሰው ግን ሰላምታ እንኳ የሚሰጠው ግራ ቀኙን አይቶ ነበር። ሁለት ሰዎች ቆመው ሲያወሩ ያየ ሦስተኛ ሰው መንገድ ይቀይራል። ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ ሁለት ቀን ከቀረ "የት ሄደ?" ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም፤ የሚጠይቅ ካለም ለምን እንደጠየቀ እንጠረጥራለን።

ይመር ወደ ግቢያችን የመጣው በአንድ የክረምት መውጫ ነው። የሳይንስ አስተማሪ፣ የወሎ ሰው፣ ቀጭን፣ አንገቱ ረዘም ያለ፣ ዓመት ከዓመት ያንኑ ቡኒ ኮት የሚለብስ። ዘመድ የለውም፤ ጠጅ ቤት አይገባም፤ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ቀጥታ ወደ ቤቱ ነው። ይኸ ብቻውን ያስጠረጥር ነበር። ከዚያ ደግሞ አገራችንን ለቆ ከሄደ አንድ ፈረንጅ ሐኪም የተረፉ ሁለት ቀያይ ዓሦች በትልቅ ጠርሙስ ይዞ መጣ። የመስኮት መስታወት አስቆርጦ፣ በስቱኮ አጣብቆ ገንዳ ሠራላቸው። ገንዳውን ያስቀመጠው መስኮቱ ሥር ነው። መስኮቱ ደግሞ በአንድ በኩል የእኔን በር፣ በሌላ በኩል በግንቡ አናት አሻግሮ የቡሬን መንገድ ያያል።

መጠርጠር የጀመርሁት በአምፖሎቹ ነው። ከአደባባዩ ማዕዘን ላይ አምፖል፣ ሽቦ፣ የፋኖስ ክርና የጫማ ቀለም የሚሸጥ ሱቅ ነበር። ይመር ከዚያ ሱቅ አይጠፋም። አንድ ቀን ባለ ሃያ አምስት ሻማ፣ ሌላ ቀን ባለ ስልሳ ሻማ ይገዛል። አንድ አምፖል በሚገዛበት ገንዘብ ያን ጊዜ ሁለት ሰው ሽሮ በልቶ ሻይ ይጠጣበት ነበር፤ የአስተማሪ ደሞዝ ደግሞ እኔም አውቀዋለሁ። ሞተሩ ሲነሳ በሬ ላይ ሆኜ አያለሁ፤ መስኮቱ አንድ ሰሞን ቢጫ ነው፤ ከዚያ ሰማያዊ ይሆናል፤ ሰማያዊው ጠፍቶ እንደገና ቢጫ ይበራል። "ይህ ሰው የሚያበራው ለማን ነው?" እል ነበር በልቤ። በቡሬ መንገድ ሌሊት የሚያልፉ ሰዎች እንዳሉ፣ በየጫካው የተደበቁም እንዳሉ ይወራል። እንደዚያ ያለ ወሬ ለሰማ ሰው፣ በየጊዜው ቀለሙን የሚቀይር መስኮት ዝም ብሎ መስኮት አይሆንም።

ከዚያ ቀዩ አምፖል በራ። ቀይ መብራት በእኛ ከተማ ትርጉሙ አንድ ነው፤ መጠጥ ቤት ማለት ነው። ገና የሬዲዮው ዜና ሳያልቅ የግቢው በር ይንኳኳ ጀመር። "ቤቶች! ቢራ አለ?" ይላል አንዱ። "ቤቶች፣ አዲስ ልጅ መጥታለች አሉ?" ይላል ሌላው። እትዬ ማንጠግቦሽ ጾም የማይገድፉ፣ ከቅዳሴ የማይቀሩ ሴት ናቸው። መቋሚያቸውን ይዘው እየወጡ፣ "ምን አልህ አንተ ባለጌ? የሙት ቤት ነው ይኸ! ሂድ ከዚህ!" እያሉ ያባርሯቸዋል። እኔ በሬን ከውስጥ ቀርቅሬ፣ አሁን ሳስበው ያስቀኛል፣ ያን ጊዜ ግን ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ከእንግዶቹ መካከል ምልክት የሚያመጣው የትኛው ይሆን እያልሁ ድምፃቸውን እለይ ነበር።

በዚያው ሳምንት የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠራኝ። አያ ፈንቴ ይባላል፤ ከሊቀመንበርነቱ በፊት ወፍጮ ቤት ስለሠራ ጆሮው ትንሽ ይከብደዋል፤ ስለዚህ ምስጢር ሲጠይቅም ይጮኻል።

"ጓድ አለምነሽ! ያ ጎረቤትሽ ማታ ማታ ምን ይሠራል?"

"እኔ ምን አውቄ አያ ፈንቴ።"

"በርሽ ከመስኮቱ ፊት ለፊት አይደለም እንዴ? ዓይን የለሽም? መብራት ይቀያይራል ተብሏል። አይተሽ ንገሪን።"

"ማን ነው ያለው?"

"እሱን አንች አትጠይቂ!"

ወጣሁ። የውጪው በር ላይ የቆመው ጠባቂ ቃል በቃል እንደሰማ ከዓይኑ ገባኝ፤ ማታውን መላው ሰፈር እንደሚሰማው አወቅሁ። ባላይ ደግሞ እኔም ከእሱ ጋር እንደምቆጠር አወቅሁ። ስለዚህ እንደመሸ ክብሪት የጨረሰ ሰው መስዬ በሩን አንኳኳሁ።

ይመር በሩን ግማሽ ብቻ ከፈተና በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ወደ ውጭ ተመለከተ።

"መምህር፣ ክብሪት ያበድሩኝ ብዬ ነው።"

"ማን ላከዎት?"

"ክብሪት ማለቁ ነዋ የላከኝ።"

ትንሽ አሰበ። "ይግቡ" አለ፤ በሩን ግን ወለል አድርጎ ተወው፤ የሚያይ ሰው ቢኖር ሁሉንም እንዲያይ መሆኑ ነው። ቤቱ የእርጥብ ድንጋይ ሽታ አለው። ገንዳው ጠረጴዛ ላይ፣ ከጎኑ አምፖሎቹ ጨርቅ ላይ ተደርድረዋል። ቀዩ አምፖል ነበር የበራው። ወደ ገንዳው ተጠግቼ ሳይ ደነገጥሁ፤ በግቢው ሁሉ "ቀይ" ተብለው የተወራላቸው ዓሦች ነጫጭ ናቸው።

"የት አሉ ቀዮቹ?" አልሁ።

"እነዚሁ ናቸው" አለና ፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ። "ቀይ መብራት ቀያቸውን ያበረታዋል ብዬ ነበር። ተሳሳትሁ። በቀይ መብራት ነጩም ቀዩም አንድ ይሆናል፤ ዓይናችን ይለምድና ሁሉም ይገረጣል። ቆይ ይዩ።" እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ቀዩን ፈታና ሰማያዊውን አስገባ። ዓሦቹ ከሰል ሆኑ። "ሰማያዊ ውስጥ ቀይ የለም። መብራቱ ያልያዘውን ቀለም ዓሣው ከየት ያመጣል?" በመጨረሻ ተራውን ባለ ስልሳ ሻማ አበራ፤ ግን ከኋላ በኩል አልነበረም፤ ከላይና ከፊት አድርጎ፣ ከገንዳው ጀርባ ጥቁር ጨርቅ ጋረደ። ያን ጊዜ ሁለቱ ዓሦች ውኃው ውስጥ እንደ ፍም ጋሉ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እኔ በየቀኑ ክር ከጨርቅ ጋር ሳመሳስል ወደ በሩ ብርሃን የምወጣ ሰው ነኝ፤ ነገሩ ዓሣ ላይም እንደሚሠራ ግን አስቤው አላውቅም።

"ታዲያ ቀዩን ለምን አቆዩት?"

"ከምን ያህል ጊዜ በኋላ ዓይኔ እንደሚለምደው ላይ ብዬ።"

ይህ መልስ ልክ ነበር። ቢሆንም ወደ ቤቴ ስመለስ በጣም ልክ የሆነ መልስ አስቀድሞ የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል አልሁ። ክብሪቱንም እዚያው ረስቼው ወጥቻለሁ። እሱም የረሳሁትን ክብሪት አይቶ ለምን እንደመጣሁ ገብቶታል።

ለአያ ፈንቴ፣ "ዓሣ ነው የሚያበላው፤ የሚያምርበትን መብራት እየመረጠ ነው" ብዬ ነገርሁት። አላመነኝም፤ ራሱ ሄዶ አየ። ሲያይ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የአብዮቱ በዓል ቀርቦ ነበር፤ ከአውራጃ ካድሬ ይመጣል። አያ ፈንቴ፣ ሌሎቹ ቀበሌዎች የጎመንና የበቆሎ ኤግዚቢሽን ሲያሳዩ፣ እሱ ቀይ ዓሣ ሊያሳይ ቆረጠ። ገንዳው በአራት ሰው ወደ ቀበሌው አዳራሽ ተወሰደ። ካድሬው ከበዓሉ በፊት ሊጎበኝ መጥቶ በጣም ደስ አለውና፣ "መብራቱም ቀይ ይሁን! ሁሉም ቀይ!" አለ።

"ጓድ፣ ቀይ ባይሆን ይሻላል" አለ ይመር።

ካድሬው ቀስ ብሎ ዞረ። ፀጉሩን ያበጠረ፣ መነጽሩ የሚያብለጨልጭ ወጣት ነበር። "ቀይ የማትወደው ለምንድን ነው?" አለው።

ይመር ቀዩን አምፖል ከቤቱ ሊያመጣ ሄደ። ለዚያ ጥያቄ የሚሆን መልስ በዚያ ዘመን አልነበረም።

በበዓሉ ቀን ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ለዝግጅቱ ሲባል በቀን ተነሳ። የአዳራሹ መስኮቶች መብራቱ እንዲደምቅ በአቡጀዲ ተሸፍነዋል። እኛ ሴቶቹ በሰልፍ ላይ የታዘዝነውን ቀይ ሻሽ አስረናል። ከፊት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ከመካከላቸው አንድ መሪጌታ አሉ፤ ቅኔ ዘርፈው ያረጁ፣ ዓይናቸው የደከመ ግን አንደበታቸው ያልደከመ። አያ ፈንቴ እየጮኸ ንግግር አደረገ። ከዚያ የገንዳውን ልብስ ገለጡት። በቀዩ መብራት ሥር ሁለት የገረጡ ነጫጭ ዓሦች ይዋኛሉ።

ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁንም በሳል ሸፈነው።

"ያን ቀን ሳየው ቀይ አልነበረም እንዴ?" አለ ካድሬው። "የት አለ ቀዩ?"

"ለውጦታል!" አለ አያ ፈንቴ፤ ላቡ በአገጩ ይወርዳል። "ጓድ፣ እኔ በዓይኔ ነው ያየሁት፤ ቀይ ነበር! ይህ ሰው ለውጦ ነጭ አስገብቶብናል!"

"ለምን ነጭ?" አለ ካድሬው። ጥያቄውን ያቀረበው ለይመር አልነበረም፤ ለአዳራሹ ሁሉ ነበር። ሁለት ጠባቂዎች ይመርን በግራና በቀኝ ያዙት። አንዴ ወደ እኔ ተመለከተ። ዕርዳታ የሚለምን ዓይን አልነበረም፤ ይህን አንች ነሽ ያመጣሽብኝ የሚል ዓይን ነበር። ያ ዓይን ነው ያስነሳኝ። ወደ ፊት ሄድሁ፤ ሻሼን ከራሴ ላይ ፈታሁ።

"ጓድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ ሻሽ ምን ዓይነት ነው?" ብዬ ወደ በሩ ብርሃን ዘረጋሁት።

"ቀይ ነዋ። ምን ለማለት ነው?"

ወደ ገንዳው ተመልሼ አምፖሉ ሥር ያዝሁት። ሻሹ ነጣ። ሰው ሁሉ አየ። ሴቶቹ እየተነሱ ወደ አምፖሉ ቀረቡ፤ አንዷ ራሷን ጎንበስ አድርጋ ብትሰጥ የእሷም ሻሽ ነጣ። "ያምፖሉ ነገር ነው! ያምፖሉ ነው!" የሚል ጉምጉምታ ተነሳ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። መሪጌታ ግን ከመቀመጫቸው ሳይነሱ፣ ረጋ ባለ ድምፅ፣ "አይ ቀይ መብራት! የኛን ቀያይ ሁሉ ፈጀህብን" አሉ።

ሰሙ አምፖሉ ነው። ወርቁ ግን አዳራሹ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ገባው፤ ልጁ የጠፋበትም፣ ወንድሙ የታሰረበትም እዚያው ተቀምጧልና። ካድሬው መሪጌታን አየ፤ ወርቁ እንደገባውና እንዳልገባው መሆን እንደሚሻለው ሲያመዛዝን ከፊቱ አነበብሁት። አያ ፈንቴ አዳነን። ጆሮው ከብዶት ይሁን አውቆ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ "ይፈታ! አምፖሉ ይፈታ!" ብሎ ዘሎ በባዶ እጁ ጨበጠው፤ ጣቱ ተቃጥሎ "ውይ!" ብሎ ለቀቀውና አምፖሉ ተሰበረ። ሰዎች የመስኮቱን አቡጀዲ ገፈፉት። የከሰዓቱ ፀሐይ ገባችና ዓሦቹ ቀልተው ታዩ። ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። ካድሬውም አጨበጨበ፤ ግን ዘግይቶ ነው የጀመረው፤ እያጨበጨበም መሪጌታን፣ ይመርን፣ እኔን ተራ በተራ ያየናል።

መሪጌታን ማንም አልነካቸውም፤ እርጅናቸው ይሆናል ያዳናቸው። ይመር ግን ብዙም ሳይቆይ በረሃ ወርዶ በሰፈራ ጣቢያ እንዲያስተምር ታዘዘ። ዓሦቹን ለእኔ ተወ፤ ሌላ የሚቀበለው ስላልነበረ ነው። መናኸሪያው ድረስ ሸኘሁት። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ "አንች" ብሎ ጠራኝ።

"ፈንቴ ጠርቶሽ ነበር አይደል?"

"ጠርቶኛል።"

"ምን አልሽው?"

"ዓሣ ያበላል አልሁት።"

አንገቱን ነቀነቀ። እንዳላመነኝ አወቅሁ። ነገሩን ለቀበሌ የተናገረው ማን እንደሆነ የተረዳሁት ከሄደ በኋላ ነው። እትዬ ማንጠግቦሽ አንድ ቀን የቡና ቁርስ ይዘውልኝ መጥተው፣ "እኔ እኮ እነዚያ ባለጌዎች በሬን እንዳያንኳኩ መብራቱን ያስጠፋልኝ ብዬ ነው ለፈንቴ የነገርሁት፤ ልጄን ወደ በረሃ ይልክብኛል ብዬ መች አሰብሁ" ብለው አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስሁ። ስንት ነገር ሳስብ ከርሜ፣ ነገሩ የሰካራም ማንኳኳት ሆነ።

ዓሦቹን በደንብ አበላኋቸው፤ ብርሃን ግን ነፈግኋቸው። መስኮቴ ውስጥ የሚበራ ነገር እንዳይታይ ፈርቼ ገንዳውን ጥግ አስገብቼ ብርድ ልብስ አለበስሁት። ክረምትና በጋ ተፈራረቁ፤ አንድ ቀን ገልጬ ሳይ ዓሦቹ ነጥተዋል። አሁን የአምፖል ነገር አይደለም፤ ወደ በሩ ብርሃን ባወጣቸውም ነጭ ናቸው። ይመር በሁለተኛው ዓመት ወባ አሟጥጦት፣ ኮቱ ሰፍቶት ሲመለስ ገንዳውን እንዴት እንደማሳየው ጨነቀኝ። ልብሱን ራሱ ገለጠ። ጎንበስ ብሎ ሁለቱንም መረመራቸው።

"አልለወጥኋቸውም" አልሁ። ድምፄ እንደ ተከሳሽ ነበር። "ፈርቼ ጨለማ ውስጥ አኑሬያቸው ነው።"

"ጨለማ ውስጥ የኖረ ዓሣ ይነጣል" አለ። ከዚያ ፊቴን አየ፤ ምን እንዳየ እንጃ፣ ገንዳውን ከእኔ ጋር ይዞ የቀን ብርሃን ወደሚደርስበት ወደ በሩ ጎተተው። በየቀኑ እየመጣ ያያቸው ጀመር። ከጊዜ በኋላ አንደኛዋ ከጀርባዋ ጀምራ ቀላች፤ ሌላዋ ነጭ እንደሆነች ቀረች። የእኛም ሠርግ በዚያው መካከል ሆነ፤ ሚዜ የሆነን የአያ ፈንቴ ወንድም ነው፤ እትዬ ማንጠግቦሽ ድግሱን ችለውልናል። መንግሥት ተለወጠ፤ ልጆች ወለድን፤ እነ እትዬም አለፉ።

ከክርስትናው ማግስት ከቡሬ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ ተቀምጠናል። በመንገዱ ግራና ቀኝ በቆሎው ወገብ ደርሷል። በኑሯችን ሁሉ ያልጠየቅሁትን ያን ቀን ጠየቅሁት፤ የሆቴሉ መብራት ይሆናል አንደበቴን የፈታው።

"ያን ጊዜ እኔን ትጠረጥር ነበር?"

"እህ! በደንብ ነዋ። ከተጋባን በኋላም ጥቂት ዓመት።"

"ታዲያ ለምን አገባኸኝ?"

"ከበርሽ ላይ ሆነሽ ከምትሰልይኝ ቤት ውስጥ ሆነሽ ብትሰልይኝ አይሻለኝም?" አለና ጥርስ በሌለው አፉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከፊት የተቀመጡት ዞረው እስኪያዩን ድረስ። ሳቄ ሲያልቅ ግን አላስቻለኝም፤ ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ፣

"የመስኮቱ መብራትስ? እውነት ለዓሦቹ ብቻ ነበር?" አልሁት።

እጁን እጄ ላይ አድርጎ፣ ራሱን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፍኗል። ፍኖተ ሰላም እስክንደርስ ድረስ አየሁት፤ መተኛቱን ግን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም።